ብሎኗን የዋጥኩበት ዓመት

ብሎኗን የዋጥኳት ሆን ብዬ ነው። በስህተት አልነበረም፣ በድንጋጤም አልነበረም። «ልጅ ስለነበረች ነው» የሚለውንም ማስተዛዘኛ አልቀበልም። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው ነገሌ በሄድኩ ቁጥር አንድ ሰው መንገድ ላይ አቁሞኝ «አንቺ ያቺ ብሎን የዋጠችው ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ስለሚለኝና ሆዴን እያየ ስለሚስቅ ነው። ይሳቅ። እኔ ዛሬም ቢሆን ይቅርታ አልጠይቅም።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ከመናኸሪያው ስወጣ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት በር ላይ ቆምኩ። ጠጋኙ ውኃ የገባበትን ስልክ ፈታትቶ በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ያጥባል። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ የተቀባች ሴት በአጠገቤ አለፈች። ቤንዚንና ቅቤ አንድ ላይ አፍንጫዬ ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ይባባ ይሆናል፤ እኔ ተናደድኩ። የአሥራ አንድ ዓመቷ የእኔ፣ የቱሜ ንዴት፣ ቀን ያልቆጠረ ይመስል፣ እንዳለ ተመለሰብኝ። ሠርጉ ቤት እስክደርስ ለብቻዬ እያወራሁ ሄድኩ።

ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የምኖረው ከእናቴ እናት ጋር ነው፤ አያትን በቦረና አኮ እንላለን፣ እኔም ሌላ ስም እንዳላት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ ያቤሎ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ በወር አንዴ ትመጣለች። አባቴ ከተማው ዳር ባለው የጦር ካምፕ ውስጥ የነበረ ወታደር ነው። ተዛወረ፣ አልተመለሰም። ስለ እሱ የምጽፈው ይህንኑ ብቻ ነው።

ወቅቱ ቦና ነበር፣ ዝናብ ጠፍቶ ቀዩ አቧራ ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጭበት የበጋ ጊዜ። አጎቴ ጉዮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞያሌ ፍራሽና የፕላስቲክ ዕቃ ጭኖ ይመጣል። አንድ ቀን ከፍራሾቹ ሥር የተጨፈለቀ ካርቶን መዝዞ አወጣ። ውስጡ በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ነበረች። ቁመቷ አንዲት ዶሮ ታክላለች፣ ቀይና ቢጫ ናት፣ ክንፎቿ ደግሞ አንዱ ከአንዱ በላይ በሁለት ፎቅ የተሠሩ ናቸው። ለወዳጁ ልጅ ነበር የገዛት፤ ጭነቱ ተጫናት። አንድ ክንፏ ተሰብሯል፣ የጅራቷ ሽቦ ተበጥሷል። ጉዮ አገላብጦ አያትና «ዱቴ» አለኝ። ሞታለች ማለቱ ነው። «ውሰጃት፣ ተጫወቺባት።»

አልሞተችም አልኩት። ምን አውቄ? ምንም አላውቅም። ሞታለች ሲሉኝ ብቻ ደስ አይለኝም። ያን ሰሞን አንዲት ግልገላችን ሞታለች ተብላ ስትጣል አንስቼ ወተት ግቼ አድኛታለሁ፤ ስለዚህ የትልልቅ ሰዎችን «ሞታለች» ማመን ትቼ ነበር።

ከገበያው ጀርባ ሃምሳ አለቃ በየነ የሚባሉ ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በፊተኛው መንግሥት ጊዜ የእውነተኛ ሄሊኮፕተር መካኒክ ነበሩ ይባላል። መንግሥት ሲለወጥ አገራቸው አልተመለሱም፤ ነገሌ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተው ራዲዮና የእጅ ሰዓት ይጠግናሉ። ስለ እሳቸው ከተማው የሚስቅበት አንድ ነገር ነበር፦ አይፈርሙም። እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። አኮን ተከትዬ ቀበሌ ሄጄ ሳለ ጸሐፊው ሃምሳ አለቃን እዚህ ላይ ይፈርሙ ሲላቸው እስክሪብቶውን ትተው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የራዲዮ መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው እንዳልተማረ ገበሬ በጣታቸው! ጸሐፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን ገባኝ ብዬ ነበር። ፊርማ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ተጽፎ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር መሰለኝ። ሃምሳ አለቃ ድሮ ብዙ ፈርመው አልቆባቸዋል፣ ወይም ትንሽ ቀርታቸው ለክፉ ቀን እየቆጠቡ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ካርቶኑን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ ውስጡን አዩና ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ወደ ኋላቸው አጣመሩ። «ይህን እኔ አልነካም» አሉኝ። አሻንጉሊት ስለሆነች የናቋት መሰለኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ግን ሩቅ አልሄድኩም። ደጃፋቸው ላይ ካርቶኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ከትምህርት ቤት መልስ መጥቼ ተቀመጥኩ፣ በሦስተኛው ቀንም። የሚገባ የሚወጣው ደንበኛ ሁሉ እየተሻገረኝ ነበር የሚያልፈው። በአራተኛው ቀን ከውስጥ ሆነው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

«እንድትነሳ» አልኩ።

«እንግዲያው ስሚ» አሉ። «የእኔ እጅ አይነካትም። አንቺ ትነኪያለሽ፣ እኔ እናገራለሁ። የማልፈልገውን ከሠራሽ ይዘሽ ትወጫለሽ።»

እንደዚህ ጀመርን። እስከ ሰኔ ድረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጀርባዬ ይቆሙ ነበር። ካቻቢቴውን እንዴት እንደምይዝ፣ ብሎን ሲፈታ ምን ያህል ተጭኜ ምን ያህል እንደማዞር፣ ሁሉንም በአፍ ነገሩኝ። የጅራቷን ሽቦ በቀለጠ እርሳስ ስበይድ ጣቴን አቃጠልኩ፤ አይዞሽ አላሉኝም፣ ሽቦው ቀዝቅዞ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። የተሰበረውን ክንፍ የሠራነው ከዘይት ጄሪካን ነው። የደህናውን ክንፍ ቅርጽ ወረቀት ላይ ስዬ፣ ጄሪካኑን በመቀስ ቆርጬ፣ ጠርዙን ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ አለሰለስኩት። ከዚያ ሁለቱን ክንፎች በአንድ የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፍና ጫፍ ላይ አስሬ መሐሉን በክር አንጠለጠልኩ። የከበደው ወደ ታች ያዘነብላል። ቀላሉ ላይ የፕላስተር ቁራጭ ይለጠፋል፣ ይታያል፣ ደግሞ ይቀነሳል። ቀፎው ሳይወላውል ቀጥ እስኪል ድረስ የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። አኮ መጥታ አይታኝ፣ ሚዛኑ ይህን ያህል የሚያደክም ከሆነ ቅቤ ነጋዴ ብሆን ይሻለኝ እንደነበር ተናግራ ሄደች።

ከሁሉ በላይ የጠሉብኝ ሳልጽፍ መሥራቴን ነው። ሃምሳ ገጽ ደብተር አስገዙኝና በማስመሪያ አስመሩኝ። ቀን፣ ያየሁት፣ የሠራሁት፣ ውሳኔ። ውሳኔው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ትበራለች ወይም አትበርም። በመጨረሻ ሁለት የፊርማ ቦታዎች አሉ፣ ሠሪ እና መርማሪ። እኔ በሠሪ ሥር ቱሜ ብዬ እፈርማለሁ። የመርማሪው ቦታ ባዶውን ይቀራል።

«ጋሼ፣ አንቱስ አይፈርሙም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንቺ ጻፊ» አሉኝ። «ያልጻፍሽው ነገር የለም ማለት ነው።» ፊርማቸው በእርግጥም እንዳለቀባቸው ያመንኩት ያን ቀን ነው፤ ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

መጀመሪያ የበረረችው ከከተማው ወጣ ብሎ ግራር በተበተነበት ሜዳ ላይ ነው። ወደ ካምፑ አካባቢ ማስጠጋት እንደማይገባ ሃምሳ አለቃ አጥብቀው ነግረውኛል። ሪሞቱን ስገፋ ሁለቱ ክንፎች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ተሽከረከሩ፣ አቧራው ተነሳ፣ ከዚያ ዶሮ የምታክለዋ ሄሊኮፕተሬ ከመሬት ለቀቀች። ጮህኩ። ዞር ስል ሃምሳ አለቃ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ያን ሁሉ ቀን ለፍተን አያዩልኝም እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ግን ሳይዞሩ «የላይኛው ክንፍ ይንቀጠቀጣል፣ አውርጃትና ብሎኗን እያት» አሉኝ። ሳይ እውነትም ላልታለች። ከዓይን ይልቅ በጆሮ እንደሚያዩ ያኔ ገባኝ፤ ጀርባ የመስጠታቸው ነገር ግን ያን ጊዜ በደንብ አልገባኝም።

ይቺ ብሎን ናት እንግዲህ። የላይኛውን ክንፍ ከዘንጉ ጋር የምታስር፣ የምስር ክክ የማታክል ብሎን። አንድ ቀን ሜዳው ላይ ከእጄ ወደቀችና ጠፋች። ሃምሳ አለቃ ከቆምኩበት እንዳልነቃነቅ አዘዙኝ፣ ዙሪያዬን በገመድ አስከለሉኝና የአኮን ወንፊት አስመጥተው የከለልነውን አፈር በሙሉ አስነፉኝ። ጠዋት ጀምረን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተገኘች። አጎቴ ጉዮ ሌላ ቢገኝ ብሎ ሞያሌ ድረስ ጠይቆ ነበር፣ የሚመስላት እንኳ አላገኘም። ከዚያን ቀን ወዲህ ብሎኗን በፈታሁ ቁጥር አፌ ውስጥ አስቀምጣት ጀመር። ጎረቤታችን ያለው ልብስ ሰፊ መርፌዎቹን በከንፈሩ ሲይዝ አይቼ ነው። ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን አጨማደው «ትውጫታለሽ» አሉኝ። «አልውጥም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

በቦናው መጨረሻ ላይ ሄሊኮፕተሯ ትንጫጫ ጀመር። እኛ ቤት የሚንጫጫ፣ የሚሰነጠቅ፣ የሚደርቅ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቅቤ። አኮ ፀጉሯን፣ የቆዳ ገመዷን፣ የተሰነጠቀ ተረከዜን፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ቅቤ ትቀባለች። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ እርስ በርስ ተያይዘው ክንፎቹን የሚያዞሩትን የሄሊኮፕተሯን ጥርሶች አንድ በአንድ በቅቤ አሸኋቸው። ጫጫታው ወዲያው ጠፋ። ተደሰትኩ፣ በራሴም ኮራሁ። ደብተሩ ላይ አልጻፍኩም፤ ሃምሳ አለቃን ላስደንቃቸው ፈልጌ ነው።

ሁለት ቀን ቆይቶ ሳስነሳት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለችና ባለችበት መዞር ያዘች። ሪሞቱን ወደ ግራ ብል ወደ ቀኝ ብል እሷ ትዞራለች። አኮ ከደጃፍ ሆና አይታ ነገሩን ወዲያው ለየችው። አዙሪት ነው አለች። ፍየል ሲይዛት እንዲህ በአንድ ቦታ እየዞረች ነው የምትከሳው፤ ሳትከሳ ብትታረድ ይሻላል። እኔም አመንኳት። እያለቀስኩ ይዣት ሄጄ ለሃምሳ አለቃ «ጋሼ፣ አዙሪት ይዟታል» አልኩ። ፈታኋት። ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ወደ ጥርሶቹ አስጠጉና ቀና አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቅቤ።»

ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቁም። ቅቤው የነገሌን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃው የላይኛውን ጥርስ ሲይዘው የታችኛው ለብቻው ይሮጣል፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል ካልዞሩ ደግሞ አካሏ ይዞራል። አቧራ ባለበት አገር ጥርስ በደረቁ ነው የሚሠራው አሉኝ። ቤንዚን በጣሳ ቀዱልኝና ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ አሳጠቡኝ። ያ የቤንዚንና የቅቤ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከጣቴ አልለቀቀም፤ ለካስ ዕድሜ ልኬንም አልለቀቀኝም። ሲያልቅ ደብተሩን አስወጡኝና «ቅቤ መቀባትሽን ጻፊ» አሉኝ። አፍሬ እምቢ አልኩ። ካርቶኑን በዓይናቸው አሳዩኝ፣ ይዘሽ ውጪ ማለታቸው ነው። ጻፍኩ። «ያየሁት፦ እኔ ቅቤ ቀብቻታለሁ።» ቱሜ ብዬ ፈረምኩ።

ዝናቡ፣ የእኛው ጋና፣ ገብቶ ሜዳው ሲለመልም የሄሊኮፕተሯ ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። ዱቴ ያለው አጎቴ ጉዮ እንኳ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ያያት ጀመር። ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። ዳይሬክተራችን አስጠራኝ። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን መኮንኖችና የከተማው ትልልቅ ሰዎች ስለሚመጡ ሄሊኮፕተሯ ታዳሚው ፊት እንድትበር ፈለገ። ሪሞቱን የምይዘው እኔ እንደሆንኩ በሰልፍ ላይ ተነገረ። አኮ ለዚያ ቀን አዲስ ሻሽ ገዛችልኝ።

የበዓሉ ዋዜማ ደግሞ አስጠራኝ። ሐሳቡን ለውጧል። ሪሞቱን የሚይዘው ከክቡር እንግዶቹ የአንዱ፣ የሻለቃው ልጅ ነው፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ ባንዲራ አውለበልባለሁ። ምን አጠፋሁ አልኩት። ምንም አላጠፋሽም፣ ግን ወንድ ልጅ ቢይዘው ያምራል አለኝ። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ሪሞት ግን በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው ማን ሪሞቱን እንደሚይዝ የእኔ ጉዳይ አይደለም አሉኝ። የመካኒክ ጉዳይ አንድ ነው፤ ትበራለች ወይም አትበርም። አብረውኝ እንዲመጡ ለመንኳቸው። መኮንኖች በተቀመጡበት አልገኝም አሉ።

በበዓሉ ጠዋት እንደተማርኩት እያንዳንዱን ነገር አየሁ። ባትሪ፣ ሽቦ፣ ጥርስ። የላይኛውን ክንፍ መያዣ፣ ብሎኗ የምትገባበትን ፕላስቲክ፣ ብርሃን ላይ አድርጌ በጣቴ ቀስ ብዬ ሳጎብጠው አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ብላ ጠፋች። ደግሜ አጎበጥኩት፣ ደግማ ታየች። የፀጉር ያህል ስንጥቅ። ይህ መያዣ በበረራ ላይ ከለቀቀ ክንፉ ወዴት እንደሚሄድ ሃምሳ አለቃ ነግረውኛል፤ ወደ ፈለገበት ነው የሚሄደው። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። «ያየሁት፦ የላይኛው ክንፍ መያዣ ተሰንጥቋል። ውሳኔ፦ አትበርም።» ፈረምኩና ይዣት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሜዳው ላይ ሸራ ተወጥሮ እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊት የአንደኛ ክፍል ልጆች መሬት ላይ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሄሊኮፕተሯ ከምትነሳበት ቦታ አሥር እርምጃ አይርቁም። ለዳይሬክተሩ አትበርም አልኩት። መያዣው ተሰንጥቋል። ተቀብሎኝ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት፣ እኔም በጣቴ አሳየሁት።

«ይቺ?» አለ። «ይቺ እኮ ፀጉር ናት። ፀጉር ምን ታመጣለች?»

ልጆቹን ከዚያ አንሱልኝና ትብረር አልኩት። እንግዳ ተቀምጦ ሰልፍ አይፈርስም አለኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ ሪሞቱን ስለነሳሁሽ ቀንተሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አሳፍረሽኝ አታመልጪም አለ። ቀንቼ ነበር ወይ? አዎ፣ ቀንቻለሁ! ከትናንት ጀምሮ ምራቄ መርሮኝ ነበር። የሻለቃው ልጅ እጁ ላይ ሪሞቱን ሳይ እንባዬ መጣ። ዛሬም አልክድም። ነገር ግን ስንጥቁን ያመጣው ቅናቴ አይደለም። ባልቀናም ስንጥቁ እዚያው ነበር።

ከመሬት አስቀመጧት። ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን ይዞ ንግግር ሲጀምር ቀስ ብዬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ካቻቢቴዬ ካልሲዬ ውስጥ ነበረች። ሦስት ጊዜ አዞርኩ፣ ብሎኗ ወጣች፣ እንደ ልማዴ አፌ ውስጥ ከተትኳት። የላይኛው ክንፍ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ንግግሩ ቆመ። ዳይሬክተሩ መጥቶ መዳፉን ከአገጬ ሥር ዘረጋ።

«ትፊያት» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ከኋላው የሒሳብ አስተማሪያችን መጣ፣ ቀጥሎ ዘበኛው መጣ። አንዱ ክንዴን ያዘ። አንደኛው መኮንን ልጅቷን ተዋት እያለ ይስቃል። ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ሄሊኮፕተሯ የምትነሳ መስሏት ካሁኑ ታጨበጭባለች። ብተፋት ወዲያው ክንፉን መልሰው እንደሚያስሩባት አውቃለሁ፣ ካቻቢቴውም እዚያው አለ። አፌን በግድ ሊከፍት የዳይሬክተሩ እጅ ወደ ጉንጬ ሲመጣ ዋጥኳት። ጉሮሮዬን ትንሽ ፈተገችኝ። ከዚያ ራሴ አፌን በሰፊው ከፍቼ ባዶውን አሳየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግርግር ነው። አንዲት የእንግዳ ሚስት ጮኸች፣ ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ሆዴን ዳብሶ፣ ጎመንና ገንፎ ትብላ፣ በራሷ ትወጣለች አለ። ዳይሬክተሩ እዚያው በሩ ላይ ይቅርታ ጠይቂ አለኝ። አልፌው ወጣሁ። በማግስቱ ሽማግሌ ልኮ በአኮ በኩል ደግሞ ጠየቀኝ። አኮ ለሽማግሌዎቹ ወተት ቀድታ፣ ልጅቱ ገና ብሎኗን ሳታወጣ ይቅርታ ከየት ታወጣለች ብላ ሸኘቻቸው። እኔን ግን ዝም ብላ አላለፈችኝም። አዲሱን ሻሽ ከራሴ ላይ አውልቃ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ የቀለጠ ቅቤ በወተት አጠጣችኝ፤ ሚስማር ለዋጠች ፍየል የምትሰጠው እሱን ነው።

ሃምሳ አለቃ የመጡት ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ በኋላ ነው። እኛ ቤት መጥተው አያውቁም። «አካም ኦልቴ?» ብለው አኮን በተሰባበረ ኦሮምኛቸው እንዴት ዋልሽ አሏት፣ እሷም «ናጋ»፣ በደህና ብላ በርጩማ አቀረበች። አልተቀመጡም። ደብተሬን ጠየቁኝ። የመጨረሻውን መስመር አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። ከዚያ «ስጪኝ» አሉ።

ምኑን ብዬ ቆምኩ። እጃቸው ተዘርግቷል። ያን ሁሉ ወራት ከኋላቸው የተጣመረው እጅ። ሄሊኮፕተሯን ሰጠኋቸው። የተነቀለውን ክንፍ ከመያዣው ጋር ወደ መስኮቱ አስጠጉ፣ የሰዓት ሠሪ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፣ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ቀጭ አለ። ስባሪው ተወርውሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወተት ጮጮ መታና ወደቀ። አኮ ደረቷን ያዘች።

ሃምሳ አለቃ ስባሪውን ከመሬት አንስተው መዳፋቸው ላይ አቆዩት።

«እኔም አንድ ጊዜ አይቼ ነበር» አሉ። «የፀጉር ያህል። ለአለቃዬ ነገርኩት። ፀጉር ምን ታመጣለች አለኝ። ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። አምስት ሰዎች ተሳፈሩ።»

የአኮ አማርኛ ግማሽ ነው፤ አምስት የሚለውን ግን ሰምታለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ፊርማቸው ስላለቀባቸው አይደለም የሚል ሐሳብ ብቻ መጣልኝ፤ ቀበሌ ውስጥ በሳቀባቸው ጸሐፊ ላይ በጣም፣ በጣም ተናደድኩ።

«እስክሪብቶ» አሉኝ።

ደብተሩን መስኮቱ ደፍ ላይ አደረጉት። አትበርም ከሚለው መስመር ጎን፣ መርማሪ በሚለው ባዶ ቦታ ላይ እስክሪብቶውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። እጃቸው መንገዱን እስኪያስታውስ የሚጠብቁ ይመስል ነበር። ከዚያ ፈረሙ። ረጅም፣ ጭራ ያለው፣ ከእኔ ደብተር መስመር የሚያልፍ ፊርማ ነው። ሲጨርሱ ደብተሩን መለሱልኝና ወጡ።

ብሎኗስ? ሃምሳ አለቃ ሦስት ቀን በተከታታይ ጠዋት ጠዋት በአጥራችን ላይ ብቅ እያሉ «ወጣች?» ይሉ ነበር፣ ፊታቸው ላይ አንዲት ሳቅ ሳትኖር። በሦስተኛው ቀን ወጥታለች አልኳቸው። በቤንዚን ሁለት ጊዜ አጠብናት። አዲሱን መያዣ ከበሬ ቀንድ ሞርደው የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ በገዛ እጃቸው። እኔ ከኋላቸው እጄን አጣምሬ ቆሜ አየሁ። ክረምቱን ሙሉ በረረች። ክንፉ አልለቀቀም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ዳይሬክተሩ አልረሳም። በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ስሜን ጠርቶ ወደ ፊት አወጣኝ። አምና እንግዶቻችን ፊት ላዋረድሽው ትምህርት ቤት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ ብሎ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቆሟል። ያቺ ጥርሷ የወለቀው ልጅ ሁለተኛ ክፍሎች ሰልፍ ላይ ናት፣ አዲስ ጥርስ አብቅላለች። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና ማይክሮፎኑ ላይ አነበብኩ።

«ያየሁት፦ የላይኛው ክንፍ መያዣ ተሰንጥቋል። ውሳኔ፦ አትበርም። ሠሪ፣ ቱሜ። መርማሪ፣ ሃምሳ አለቃ በየነ፣ ፈርመዋል።»

ደብተሩን ዘጋሁ። ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ «ይቅርታውስ?» አለኝ።

«አልተጻፈም፣ ቲቸር» አልኩት። ማይክሮፎኑን እጁ ላይ አድርጌ ወደ ሰልፌ ተመለስኩ።